ደገፋ ገርባና የወፍጮው ቺንጋ

ደገፋ ገርባ ሊፈታው የተነሣው ችግር በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፦ ዓመትና ከዚያ በላይ ማገልገል የሚገባው የወፍጮ ቺንጋ ለምን በአራት ወር ይበጠሳል? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ከታኅሣሥ 1977 ወዲህ ግን ደገፋ ከዚህ ሌላ ጉዳይ ሲያወራ የሰማው ሰው ጥቂት ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ቺንጋው ምን እንደሆነና ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይኖርብናል። ያለ እሱ ሐዘኑም አይገባንም።

ወፍጮው ከመቂ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ርቆ፣ በአንድ ገበሬ ማኅበር ግቢ ውስጥ ይገኛል። የቆርቆሮ ቤት ነው። በአንዱ ጥግ የናፍጣ ሞተር፣ በሌላው ጥግ ወፍጮው አለ፤ በመካከላቸው ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ባዶ ቦታ ይቀራል። ያን ባዶ ቦታ የሚያሻግረው ቺንጋው ነው። ከሸራና ከጎማ ተደራርቦ የተሠራ፣ ስፋቱ መዳፍ የሚያህል ረጅም ቀበቶ ነው። ጫፍና ጫፉ በጠፍር ይሰፋና ክብ ይሆናል። በአንድ በኩል የሞተሩን፣ በሌላ በኩል የወፍጮውን ፑሌጃ ያቅፋል። ፑሌጃ የምንለው ቺንጋው የሚዞርበትን የብረት መንኮራኩር ነው።

አሁን ልብ በሉ። ቺንጋው ጥርስ የለውም፤ ፑሌጃውም ልሙጥ ነው። አንዱ በሌላው ላይ አልተቸነከረም፣ አልተጣበቀም። የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ወደ ወፍጮው የሚሻገረው ቺንጋው ብረቱን አቅፎ ስለያዘ ብቻ ነው! ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ኩንታል ስንዴ የሚያደቅ ኃይል የቆመው በመተቃቀፍ ላይ ነው። ምን ያህል አጥብቆ ይቀፈው? ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

አህያ የጫነ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ገመዱ ከላላ ጭነቱ ዞሮ ከሆዷ ሥር ይንጠለጠላል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ጎኗን ይልጣታል። ቺንጋም እንደዚያው ነው። ሲላላ በፑሌጃው ላይ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ይግላል፤ ሲግል ጎማው ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ሲጠብቅ ደግሞ ስፌቱን ይቀድዳል፤ ዘንጎቹንም ወደ ጎን እየጎተተ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ያቃጥላል። ትክክለኛው ቦታ በሁለቱ መካከል ነው፤ እሱም ባለበት አይቆይም። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያው ሳምንት ይሳባል፣ ይረዝማል። ሰኞ ልክ የነበረው ዓርብ ላይ ልል ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ቺንጋ በየጊዜው መጥበቅ አለበት። ደገፋ የሚጠብቀው ወፍጮ ግን አንድ ነውር ነበረበት። በ1971 ሲተከል፣ ለምርቃቱ እንዲያምር ተብሎ፣ ሞተሩ ወፍራም ሲሚንቶ ውስጥ ተቀበረ። ሲሚንቶው ላይ ዓመተ ምሕረቱና መፈክሩ ተጻፈበት። የማይነቃነቅ ሞተር ላይ ቺንጋ ማጥበቂያው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ቺንጋውን አውልቆ፣ ጫፉን ቆርጦ፣ እንደገና መስፋት። በቆረጡት ቁጥር ያጥራል፤ በሰፉት ቁጥር አዲስ ቀዳዳ፣ አዲስ ድካም ያተርፋል። አዲስ ቺንጋ የሚገኘው ደግሞ ናዝሬት ነበር፤ ያውም ሦስት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ ሳምንትና ከዚያ በላይ ለጠበቀ።

ደገፋ ይህን ሥራ የጀመረው ከወንጂ መጥቶ ነው። ከአርሲ በልጅነቱ ወርዶ ሸንኮራ ሲቆርጥ ቆየ፤ ኋላ ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ ዐሥራ አራት ዓመት ቺንጋ ጠባቂ ሆነ። ሙያውን ያስተማሩት አቶ ጃራ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። የወንጂ ሠራተኞች አንድ ብልሃት ነበራቸው። ቺንጋ ሲንሸራተት ሞላሰስ ይቀቡት ነበር። ሞላሰስ ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው ጥቁር፣ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው፤ በፋብሪካው እንደ ውሃ የሞላ ነው። አንድ እፍኝ ቺንጋው የውስጥ ፊት ላይ ሲደረግ መንሸራተቱ ወዲያው ይቆማል።

ደገፋ ወደ መቂ ሲዛወር ብልሃቱንም ይዞ መጣ። የሚስቱ የአሳየች ወንድም ወንጂ ቀርቶ ስለነበር በየሁለት ወሩ አንድ ጀሪካን ሞላሰስ በመኪና ይልክለታል። ደገፋም ቺንጋውን ከመቁረጥ ዳነ። ቀብቶ ያስነሣዋል፤ ወፍጮው ይሠራል፤ ሰው ይመርቀዋል። ቺንጋው በአራት ወር ሲበጠስ ጥፋቱን በዕቃው ላይ ያደርግ ነበር። የዘንድሮ ጎማ ጎማ አይደለም ይላል። የሚሞግተው አልነበረም።

በ1976 ክረምት ዝናቡ ቀረ። ከኅዳር 1977 ጀምሮ የእርዳታ ስንዴ ይታደል ጀመር፤ የሚታደለው ግን ጥሬው ነው። ከመቂ ከተማ ወዲህ ያለው ወፍጮ ደግሞ የደገፋ ብቻ ስለነበር የሦስት ገበሬ ማኅበር ሕዝብ እሱ በር ላይ ተሰለፈ። ወፍጮው ድሮ በሳምንት የሚፈጨውን በሁለት ቀን መፍጨት ያዘ። ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ደገፋ ይቀባል፤ ይንሸራተታል፣ ይቀባል። በዚያ መከራ ውስጥ እንኳ ሰልፉ ላይ ጨዋታ አልጠፋም። ዙለይካ የምትባል ምላሰኛ ጎረቤቱ፣ ከስቶ ሱሪው ሲወርድበት አይታ፣ “ደገፋ፣ የወገብህን ቀበቶ ማጥበቅ ያቃተህ ሰው የወፍጮውን እንዴት ልታጠብቅ ነው?” አለችው።

“የኔን ያላላው ረሃብ ነው፤ የወፍጮውን ያላላው የእናንተ ስንዴ” አላት።

ሴቶቹ ሳቁ። ከሳቁት መካከል እናትነሽ ነበረች። ቤቷ ከደገፋ ቤት አጥር ለአጥር ነው። ባሏ ከዓመት በፊት ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ወሬው የጠፋ፣ አበባ የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ ያላት ሴት ናት። አበባ በሰልፉ ጊዜ ጀሪካኑ አጠገብ ተቀምጣ ጣቷን ሞላሰስ ውስጥ እየነከረች ትልስ ነበር። ደገፋም አይቆጣትም።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት ቺንጋው ተበጠሰ። የተበጠሰው ሁልጊዜ እንደሚሆነው ስፌቱ ላይ አልነበረም። መሐሉ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰበረ። ሞተሩ ብቻውን ሲጮህ ወፍጮው ቀስ እያለ ቆመ። እናትነሽ ከሰልፉ አራተኛ ነበረች።

“ጋሽ ደገፋ፣ መቼ ይሠራል?” አለችው።

“ነገ” አላት።

ለሌሎቹም ያንኑ ነገራቸው። የዋሸ አልመሰለውም፤ ይጠግነዋል ብሎ አምኖ ነበር። ማክሰኞ በጠፍር ሰፋው፤ ሲያስነሣው ከስፌቱ ጎን ተሰበረ። ረቡዕ የመኪና ጎማ ቆርጦ ጠገነበት፤ ግማሽ ኩንታል ፈጭቶ ተበጠሰ። በየማታው “ነገ” አለ። አዲሱ ቺንጋ ከናዝሬት የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው።

አንባቢ ይህን ሲሰማ፣ በየቤቱ የእጅ ወፍጮ ድንጋይ የለም እንዴ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ድንጋዩ ነበረ። የእጅ ወፍጮ ግን በየጊዜው በመዶሻ ካልተወቀረ ፊቱ ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ድንጋይ ደግሞ እህሉን ያንከባልለዋል እንጂ አይፈጨውም። የሞተር ወፍጮ ከመጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በነዚያ ዓመታት ድንጋይ የሚያስወቅር ሰው አልነበረም። አንዳንዱ ቤት አጥር መደገፊያ፣ አንዳንዱ ቤት ልብስ ማጠቢያ አድርጎታል። የእናትነሽ ድንጋይ ከደጇ መርገጫ ሆኖ ነበር። ወቃሪ ፈልጎ ድንጋይ ለማስመለስ አንድ ቀን ይበቃ ነበር። ይሁን እንጂ ነገ የሚነሣ ወፍጮ እያለ ማን ድንጋይ ያስወቅራል፣ ማንስ እህል ተሸክሞ መቂ ድረስ ይሄዳል?

ስለዚህ ሰው ስንዴውን ቀቅሎ በላ። ትልቅ ሰው ንፍሮ ይበላል፤ ችግር የለውም። በረሃብ የተጎዳ የሕፃን ሆድ ግን ሙሉ ፍሬ አይፈጭም፤ እንደገባ ይወጣል። አበባን በአራተኛው ቀን ተቅማጥ ጀመራት። በስምንተኛው ቀን ሞተች። የጤና ረዳቱ ያን ሰሞን ኩፍኝም እንደነበረ፣ ያለ ንፍሮውም ሕፃናት ይሞቱ እንደነበር ለደገፋ ነግሮታል። እውነቱን ነው። እርግጡን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ደገፋ ግን ቀኖቹን በጣቱ ይቆጥራል፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እያለ፣ በየቀኑ ያለውን “ነገ” ይደግማል።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጠ። እናትነሽ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችውም። ቺንጋው መጥቶ ወፍጮው ሲነሣ ግን ወደ እሱ አልመጣችም። ስንዴዋን ተሸክማ፣ በወፍጮው በር አልፋ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዛ መቂ ከተማ ታስፈጫለች። ስታልፍ በደንብ ሰላም ትለዋለች፤ የአሳየችንም ጤና ትጠይቃለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ብሎኛል።

ያን ጊዜ ነው ጥያቄውን የያዘው። የተሰበረውን ቺንጋ ጠቅልሎ ናዝሬት ሄደ፤ የወንጂ ባልደረባው የነበረውን ገመቹን ጋራዡ ድረስ ሄዶ አገኘው። ገመቹ ከቺንጋው ስንዝር የምታህል ቆርጦ አጠፋት፤ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረች። የውስጥ ፊቷ ላይ ጥቁር ቅርፊት ነበር፤ ቅርፊቱ ውስጥ ዱቄትና አሸዋ።

“ይህን ምን አበላኸው?” አለው።

“ሞላሰስ።”

ገመቹ ሊስቅ ጀመረና የደገፋን ፊት ሲያይ አቆመ። “ታዲያ አላጠብከውም? ወንጂ በየቅዳሜው በሙቅ ውሃ ይታጠብ አልነበር?”

ደገፋ መታጠቡን አሁን ገና ሰማ። ቤተሰቡ ሰንበትን ቅዳሜ ከሚያከብሩት ወንጌላውያን ወገን ነው። በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ፋብሪካ ገብቶ አያውቅም፤ ተራውን ከእሑድ ተረኞች ጋር ይለዋወጥ ነበር። ዓርብ ሞላሰስ እንደተለጠፈበት የተወውን ቺንጋ እሑድ ንጹሕ ሆኖ ሲያገኘው እንዴት እንደጸዳ ጠይቆ አያውቅም። የብልሃቱን ግማሽ ብቻ ነበር ይዞ የመጣው። ያልታጠበ ሞላሰስ በሙቀት ይደርቃል፤ ዱቄት ይሰበስባል፤ ቅርፊት ይሆንና ቺንጋው በታጠፈ ቁጥር ጎማውን ይሰነጥቃል። ከዚያም የከፋው፣ መንሸራተቱን ስለሚደብቅ፣ ላልቶ የነበረውን ቺንጋ ጠብቋል አስብሎ ማታለሉ ነው።

ደገፋ ጀሪካኑን ለከብት አርቢ ሰጠ። ሥራውንም ከዜሮ ጀመረ፤ አሠራሩ እኔን እስካሁን ያስደስተኛል። መጀመሪያ፣ ሞተሩ ከሲሚንቶው እንዲወጣና ወደፊት ወደኋላ በሚንሸራተት ብረት ላይ እንዲቀመጥ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ሀሰንን ጠየቀ። ሀሰን ፈራ። የመንግሥት ንብረት ነው፤ ሲሚንቶውን የመረቁት ባለሥልጣን ተመልሰው ቢመጡ ምን ልበላቸው አለ።

“ሞተሩ አልኮበለለም በሏቸው” አለው ደገፋ። “ቢሄድ ቢሄድ አንድ ስንዝር ነው።”

ፈቃዱ አምስት ወር ፈጀ። ሲሚንቶውን በመሮ ሲሰብር መፈክሩ ያለበትን ቁራጭ ሳይሰበር አውጥቶ በር ላይ አቆመው፤ ሀሰንም በዚህ ተጽናና። ሞተሩ ከአሮጌ መኪና ሻንሲ በተቆረጡ ሁለት ብረቶች ላይ ተቀመጠ፤ ከኋላው ረጅም ብሎን አለ። ብሎኑን ሲያዞሩት ሞተሩ በጣት ስፋት ወደኋላ ይሄዳል፤ ቺንጋው ይጠብቃል። መቁረጥም መስፋትም ቀረ።

ቀጥሎ ልኩን መፈለግ ነበር። አንድ የዘይት ቆርቆሮ ውሃ ሞልቶ፣ ሞተሩ በቆመበት፣ በላይኛው የቺንጋ መስመር መሐል ላይ ሰቀለው። ቺንጋው በክብደቱ ወደ ታች ይረግባል፤ ምን ያህል እንደረገበ በጣት ለካ። ሁለት ጣት ሲረግብ ሞተሩን አስነሥቶ ግማሽ ቀን ሠራበት፤ ኩሽኔታውን በእጁ ጀርባ ቢነካው አቃጠለው። ጠብቋል ማለት ነው። አራት ጣት ሲረግብ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ላልቷል። ሦስት ጣት ላይ እጁ ኩሽኔታው ላይ ረጋ፤ ሽታም የለም። ቆርቆሮው ያው፣ ውሃው ያው፣ ቦታው ያው፤ ስለዚህ ልኩን ማንም ሰው ደግሞ ሊያገኘው ይችላል። የወፍጮውን ሁለት ረዳቶች ይህንኑ አስተማራቸው። ከመቂ እስከ አቦምሳ ባሉ አምስት ወፍጮዎችም ቆርቆሮውን ይዞ ዞረ፤ በየቦታው የፑሌጃው ርቀት ስለሚለያይ ልኩን በየቦታው እንደ አዲስ እየፈለገ። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ያለው ርቀት ሲጨምር ርግበቱም እንደሚጨምር ራሱ ደረሰበት።

የአሁኑ ቺንጋ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ሰው ያደንቃል። እናትነሽ ግን አሁንም በበሩ ታልፋለች።

ደገፋ ከዚህ የተማረው የመጨረሻው ነገር ሙያ ላይሆን ይችላል። የትኛውም ቺንጋ አንድ ቀን ይበጠሳል፤ ሦስት ጣት ቀኑን ያርቀዋል እንጂ አያስቀረውም። የሱ ጥፋት የቺንጋው መበጠስ ብቻ እንዳልነበረ ገብቶታል፤ ሰው ሌላ መንገድ እንዳይፈልግ አድርጎ “ነገ” ማለቱም ነበር። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ፣ ሳምንት አስቀድሞ አስነግሮ፣ ወፍጮውን ራሱ ያቆመዋል። ጠዋት ቺንጋውን አውልቆ ያጥባል፣ ስፌቱን ያያል፣ ቆርቆሮውን ሰቅሎ ይለካል። ከቀትር በኋላ ደግሞ መዶሻ ይዞ በየቤቱ ይዞርና የእጅ ወፍጮ ድንጋይ ይወቅራል። ወፍጮ ጠባቂ ሆኖ የወፍጮን ገበያ የሚያበላሽ ሰው መጀመሪያ ለሀሰን አልገባውም ነበር። ዙለይካ የሷ ሲወቀር ቆማ እያየች፣ “ኋላ ደግሞ እንድንፈጭልህ ትመጣለህ” አለችው። እስካሁን ሠላሳ ሰባት ቤት አዳርሷል። ቺንጋው በሚቀጥለው ጊዜ ሲበጠስ፣ መቼ ይሠራል ለሚለው ሁሉ አላውቅም ብሎ ሊመልስ፣ ከዚያም ድንጋያችሁ ተወቅሯል ሊላቸው ነው የሚፈልገው።

የእናትነሽን ደጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አልደፈረውም ነበር። ባለፈው ወር እሷ ራሷ በዙለይካ በኩል መልእክት ላከችበት፤ ድንጋዩ ከደጅ ነው፣ ከፈለገ ይውቀረው የሚል። ሐሙስ ቀትር ሄደ። እሷ ማሳ ወርዳ ነበር፤ በሩ ዝግ ነው። ድንጋዩን ከመሬቱ በመሮ ፈልቅቆ ገለበጠው። ብዙ እግር የረገጠው ፊቱ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል፤ የታችኛው ፊት ግን ለመወቀር የሚሆን ነው። ድንጋዩ ጥቁር፣ ጠንካራ ዓይነት ስለሆነ በአንድ ከሰዓት አያልቅም። ሁለት ሐሙስ ሠርቶ ግማሹን አድርሷል። በመጀመሪያው ሐሙስ በሩ እንደተዘጋ ቀረ። በሁለተኛው እናትነሽ ከማሳ ስትመለስ አገኘችው፤ ሰላም ብላው፣ በገለበጠው ድንጋይ ቦታ የቀረውን ጉድጓድ ተሻግራ ገባች። ትንሽ ቆይታ መቀመጫ ዱካ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለትና ተመለሰች።

አሁን ሦስተኛውን ሐሙስ እየጠበቀ ነው። መዶሻው ስለደነዘ ትናንት ለገመቹ በመኪና ልኮለታል፤ ተስሎ እስኪመለስ ጫፉ ሹል የሆነ ሌላ ብረት ከአሮጌ ዘንግ እየሞረደ ይሠራል። ቀሪው ግማሽ ከመጀመሪያው እንደሚጠነክር ነግሮኛል።